ሰኔ ሲገባ ብስክሌቱ ለምን ይቆማል?

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ናት። ከፒያሳ ወደ ሐይቁ፣ ከመናኸሪያ ወደ አቶቴ ጉልበት የሚፈትን ዳገት ስለሌለ ብስክሌት እዚህ የተማሪውም፣ የሠራተኛውም፣ የነጋዴውም እግር ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ሰኔ ሲገባ ብዙ ብስክሌት በረንዳ ላይ ይደገፋል። የኅዳር ማለዳ ብርድም እንዲሁ ሰዉን ወደ ባጃጅ ይመልሰዋል። ሰበቡ ሁልጊዜ አየሩ ነው። በእኔ እምነት ግን ችግሩ ያለው ልብሱ ላይ ነው፤ ለእግረኛ የተሰፋ ልብስ ለብሶ ኮርቻ ላይ የወጣ ሰው በበጋም በክረምትም ይቸገራል።

ስለ ብስክሌት ልብስ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ወደ ውድድር ልብስ ይሄዳል። ከቱላ እስከ መሃል ከተማ ለሥራ የሚመላለስ ሰው ያ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሰባት ወይም ስምንት ቁራጭ ልብስ ነው፤ ግማሹ ቤት ውስጥ አለ፣ ቀሪውን የሰፈር ልብስ ሰፊ ይሠራዋል። ምርጫው የሚጀምረው ከሦስት ጥያቄ ነው፦ መንገዱ ስንት ደቂቃ ይወስዳል? በስንት ሰዓት ይነዳል? ከብስክሌት ተወርዶ በዚያው ልብስ ይዋላል ወይስ ይቀየራል?

ከሁሉ በፊት የላቡን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ ቅጠል የማይነቃነቅበት ቀን ቢሆን እንኳ፣ በዚያው ፍጥነት የሚመጣ ነፋስ ደረቱ ላይ ይቀበላል። ነፋሱ ላቡን እያደረቀ ስለሚወስደው ነጂው ማላቡን አያውቅም። የሚያውቀው ሲቆም ነው፤ ነፋሱ ተቋርጧል፣ ሰውነቱ ግን እንደጋለ ነውና የቢሮው በር ላይ ላቡ ይንዠቀዠቃል። ስለዚህ ከቤት ሲነሱ ትንሽ መብረድ አለበት። ደጃፍ ላይ የሞቀው ሰው አምስት ደቂቃ ሳይሄድ በላብ ይጠመቃል። የመጨረሻውን አንድ ኪሎ ሜትር ዚፕ ከፍቶ ቀስ ብሎ መንዳት ደግሞ ሸሚዝ ከመቀየር ያድናል። ቦርሳም ጀርባ ላይ ከሚታዘል ይልቅ የኋላ መጫኛው ላይ ቢታሰር ይሻላል፤ ቦርሳ የተኛበት ጀርባ ነፋስ አያገኝምና በታዘለው ቦርሳ ልክ ይረጥባል። ቅያሪ ሸሚዝ የሚይዝ ሰው አጥፎ ከሚያስቀምጠው ጠቅልሎ ቢይዘው የመታጠፊያ መስመር አይወጣበትም።

ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ የጠጣውንም በቶሎ አይለቅም። ፖሊስተር እምብዛም አይጠጣም፣ ፈጥኖ ይደርቃል፣ ነገር ግን ሽታ ይይዛል፤ ማታውኑ ካልታጠበ በማግስቱ ለመልበስ ያስቸግራል። ሱፍ ቢረጥብም ሙቀቱን እስከተወሰነ ድረስ ይጠብቃል፣ ሽታም በቶሎ አያመጣም። ጥጥን ጭራሽ መኮነን ግን ስሕተት ነው። በየካቲት ቀትር ለሩብ ሰዓት መንገድ ሰፋ ያለ፣ ስስ የጥጥ ሸሚዝን የሚያህል የለም። ጥጥ የሚጎዳው ማለዳ፣ ዝናብና ረጅም መንገድ ላይ ነው፤ በተለይ ከሥር የሚለበሰው ካናቴራ። ላቡን ጠጥቶ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፣ ከላይ የፈለገ ጃኬት ቢደረብበትም ያቀዘቅዛል። ለማለዳ ከሥር የእግር ኳስ ማሊያ መልበስ በቂ ነው። ጨርቁ የተሠራው ለዚሁ ነው፣ በየቤቱም አለ።

ወደ ሱሪው እንለፍ። የጅንስ ሱሪ አራቱ ወፍራም ስፌት የሚገናኝበት ቦታ በትክክል ኮርቻው ላይ ያርፋል። ለአሥር ደቂቃ ችግር የለውም፤ ለአርባ ደቂቃ ግን ቆዳ ይልጣል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ያንን መገናኛ ማስፈታትና በመሃሉ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ማስገባት ይቻላል። ስፌቶቹ አንድ ቦታ መገናኘታቸው ይቀራል፣ ሱሪውም ሲቀመጡ አይወጠርም። ከሁሉም የሚሻለው ግን ስስና ትንሽ የሚለጠጥ ጨርቅ ነው። ዝናብ ቢመታው በግማሽ ሰዓት ይደርቃል፣ ጅንስ ግን ቀኑን ሙሉ እንደረጠበ ይውላል።

ሰንሰለቱ በቀኝ በኩል ነው፤ የቀኝ እግር ሱሪ ጫፍ በሰንሰለቱና በትልቁ ጥርስ መካከል ከገባ ሱሪው ይቀደዳል፣ ነጂውም ፔዳሉ ተይዞበት ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው ከሁሉም ዕቃ ርካሹ ነው፦ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ላስቲክ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ቬልክሮ የተሰፋበት። የሱሪውን ትርፍ ወደ ውጭ በኩል አጥፎ ከቁርጭምጭሚት በላይ ማሰር ነው። ትርፉ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ያው ጥርሱ ላይ ይደርሳል። ላስቲኩ ላይ አንጸባራቂ ጨርቅ ቢሰፋበት ለማታም ይሆናል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ወደ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ወደ ይርጋለም ለሚነዱት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ኮርቻ ላይ ለሚቆይ ሰው መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ያለው ጥብቅ ቁምጣ ቅንጦት አይደለም። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይበዛል። የመጀመሪያው ከቁምጣው ሥር የውስጥ ሱሪ መልበስ ነው። ቁምጣው በቆዳ ላይ እንዲለበስ የተሠራ ነው፤ የውስጥ ሱሪው ስፌት በስፖንጁና በቆዳው መካከል ገብቶ ያቆስላል፣ እርጥበትም ይይዛል። ሁለተኛው ወፍራምና ለስላሳ ስፖንጅ መምረጥ ነው። ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲነካ ደስ ይላል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ይሆናል። ጥሩው ስፖንጅ ስስ ሆኖ ጠጠር የሚል፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ቀስ ብሎ የሚመለስ ነው። ቁምጣው ሳይታጠብ ሁለት ጊዜ አይለበስም። ተገልብጦ በለዘብተኛ ሳሙና ይታጠባል፤ በረኪና አይነካውም፣ ማለስለሻም አይጨመርበትም፣ የሚለጠጠውን ክር ይገድለዋልና።

በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ማለዳው ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ወደ 30 ይጠጋል። ለዚህ የአየር ጠባይ ወፍራም ሹራብ አይሆንም፤ በ12 ሰዓት ተኩል ያስፈለገው ሹራብ በ4 ሰዓት ሸክም ነው። የሚሆነው በቁራጭ የሚወልቅ ልብስ ነው። ከሁሉ በፊት ነፋስ የማያስገባ ስስ ሰደርያ፣ ከፊት ድፍን፣ ከኋላ መረብ የሆነ። ነፋሱ የሚመጣው ከፊት ነው፣ ላቡ የሚወጣው ከጀርባ ነውና ሁለቱን ጎን በአንድ ዓይነት ጨርቅ መሸፈን ትርጉም የለውም። ቀጥሎ የሚወልቅ እጅጌ። ያረጀ ሹራብ ሁለት እጅጌ ብብት ላይ ተቆርጦ፣ የላይኛው ጫፍ ታጥፎ 2 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ይገባበታል። ላስቲኩ ክንድን አጥብቆ ምልክት የሚያወጣ ከሆነ ይላላ፤ ደም መያዝ የለበትም። ሲሞቅ ይወልቅና ኪስ ውስጥ ይገባል። ጉልበትም መሸፈን አለበት፤ ሥጋ የሌለበት መገጣጠሚያ ስለሆነ ብርድ ሲመታው በቶሎ ይቀዘቅዛል።

ሰደርያ የሌለው ሰው ጋዜጣ አለው። ሁለት ወይም ሦስት ገጽ አጥፎ ከማሊያው በላይ፣ ከሸሚዙ በታች ደረቱ ላይ ማስገባት ነው። የአውሮፓ ተወዳዳሪዎች ከተራራ ሲወርዱ ሲያደርጉት የኖሩት ይህንኑ ነው። ወረቀቱ ነፋስ ያግዳል፣ በእጥፋቱ መካከልም አየር ይይዛል። ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ሲመለሱ መንገዱ ቁልቁል ይበዛዋል፤ ሲወጡ ያላበው ደረት ሲወርዱ የሚበርደው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዝናቡ። ብዙ ሰው ዝናብ ከላይ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ብስክሌት ላይ ግን የባሰው ውኃ የሚመጣው ከታች ነው፤ የፊት ጎማ ወደ እግር፣ የኋላ ጎማ ወደ ጀርባ ይረጫል፣ ያውም ከጭቃ ጋር። ስለዚህ ለክረምት ገንዘብ ያለው ሰው መጀመሪያ መግዛት ያለበት ጃኬት አይደለም፣ ፓራፋንጎ፣ ማለትም ከጎማው በላይ የሚገጠመው የጭቃ መከላከያ ነው። ሁለቱም ጎማ ላይ ይሁን። የፊተኛው ፓራፋንጎ ጫፍ ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ላስቲክ በሁለት ብሎን ይታሰርና ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። ይህ ቁራጭ ጎማ ጫማን ከየትኛውም የጫማ ሽፋን የበለጠ ያደርቃል።

ከዚያ በኋላ የዝናብ ልብሱ ይመጣል። ሁለት ዓይነት ምርጫ አለ፤ ከላይ የሚጣለው ሰፊ ካባ እና ጃኬት። ካባው ከሥር አየር ያስገባል፣ ከጉልበት በላይ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል፣ ተጣጥፎ ትንሽ ቦታ ይይዛል። ለከተማ አጭር መንገድ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ጉድለቱ ነፋስ ነው፤ ከሐይቁ የሚነሳ ነፋስ ከሥሩ ከገባ እንደ ሸራ ይነፋውና መሪውን ይጎትታል። ስለዚህ በፊት በኩል ከውስጥ ሁለት የገመድ ቀለበት ይሰፋበት፣ አውራ ጣቶች ይግቡባቸው፤ ከኋላ ደግሞ ወገብ ላይ የሚታሰር ክር ይኑረው። ጫፉ ከኋላ ጎማ ጋር የሚነካካ ከሆነ ይቆረጥ። ጃኬት የሚመርጥ ሰው ላስቲክ ብቻ የሆነውን ቢተወው ይሻላል። ዝናቡ አይገባም፣ ላቡም አይወጣም፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሰውየው ከውስጥ ይረጥባል። ያው ላስቲክ ጃኬት ካለ ደግሞ ብብቱ ሥር በያንዳንዱ በኩል አራት አምስት ትንንሽ ቀዳዳ አስበስቶ ቀለበት ማስመታት ብዙ ይረዳል፤ ያ ቦታ ዝናብ አይመታውም። የጃኬቱ ጀርባ ረዝሞ መቀመጫን መሸፈን አለበት።

ውኃ አያስገባም የተባለ ልብስ የሚያፈስሰው በጨርቁ አይደለም፣ በስፌቱ ነው። መርፌ ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ለመፈተን ጃኬቱን ገልብጦ ትከሻው ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ አቁሮ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል፤ ከየት እንደሚንጠባጠብ ይታያል። የሚያፈስሰው ስፌት በማጣበቂያ ቴፕ ወይም በስሱ በተቀባ የጎማ ማስቲሽ ከውስጥ በኩል ይደፈናል።

ኮፍያው ከጃኬቱ ጋር የተሰፋ ከሆነ ተጠንቀቁ። ጭንቅላት ሲዞር ኮፍያው አብሮ አይዞርም፤ ነጂው ወደ ኋላ ልመልከት ሲል የሚያየው የኮፍያውን ውስጥ ነው፣ ከኋላ የሚመጣውን ባጃጅ አይደለም። ግንባር ያለው ስስ ቆብ ከሄልሜት ሥር ማድረግ ይሻላል፤ ግንባሩ ዝናቡን ከዓይን ይመልሳል። ጃንጥላ በአንድ እጅ ይዞ መንዳትማ ፍጹም መቅረት አለበት። ጎማውን ጎን ለጎን ይዞ የሚያቆም ፍሬን ሲረጥብ ለመያዝ ይዘገያል፤ በዚያ ላይ ከሁለቱ ፍሬኖች አንዱን ብቻ ይዞ መንዳት ማለት ነው።

ለእግር ኮንጎ ጫማን የሚያህል የለም። ውኃ አይጠጣም፣ ሲጠርጉት ይደርቃል፤ ደረቅ ካልሲና የሥራ ጫማ በፌስታል ተይዞ ሲደርሱ መቀየር ነው። አንድ ችግር አለው፦ ለስላሳ ፔዳል ላይ ሲረጥብ ይንሸራተታል። ጥርስ ጥርስ ያለው ፔዳል ማስገጠም ያስፈልጋል። በቆዳ ጫማ መሄድ ግድ ከሆነ በሁለት ካልሲ መካከል ፌስታል ማድረግ እግርን ያሞቃል።

እኅቶቻችንም ይነዳሉ፣ ልብስ ሰፊዎች ግን እነሱን ብዙም አያስቧቸውም። ረጅም ቀሚስ በኋላ ጎማ ሽቦ እንዳይያዝ የጎማውን የላይኛውን ግማሽ በሁለቱም በኩል በመረብ መሸፈን ይቻላል፤ መረቡ ከፓራፋንጎው ጠርዝ እስከ ጎማው እምብርት በሲባጎ ይወጠራል። ቀሚሱ ከጉልበት በታች ሽንሽን ወይም ከኋላ ቅድ ቢኖረው እግር እንደልብ ይዞራል፤ ከሥሩ ጉልበት የሚደርስ የሚለጠጥ ቁምጣ ቢለበስ ነፋስ ቢያነሳውም አያሳስብም። ነጠላ ከትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ በፍጹም አይነዳበትም። ጫፉ ጎማ ውስጥ ከገባ አንገትን ይስባል። ደረት ላይ ተመሳቅሎ ጀርባ ላይ በደንብ ይታሰር፣ አለዚያ ቅርጫት ውስጥ ይግባና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይለበስ።

የፀሐዩ ነገር አጭር ነው፦ ከፍታ ላይ ፀሐይ በርትታ ስለምታቃጥል ቀለሙ የነጣ፣ ስስ፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ከእጅጌ ጉርድ ይሻላል፤ ማጅራትን የሚሸፍን ሻርፕም እንዲሁ። መነጽር ለአቧራና ምሽት ላይ በሐይቁ ዳር ለሚነሳው ትንኝ ያስፈልጋል፤ ከጨለመ በኋላ መስታወቱ ነጭ ይሁን። ኮብልስቶን ላይ ለሚነዳ ሰው መዳፉ ላይ ስስ ስፖንጅ ያለው ጣት አልባ ጓንት የእጅ መደንዘዝን ይቀንሳል።

ማታን በተመለከተ ግን ረዘም አድርጌ ልናገር። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨልማል፤ ሠራተኛ ሁሉ የሚመለሰው በዚያው ሰዓት ነው። አረንጓዴና ብርቱካን ሆኖ የሚያበራው ሰደርያ በቀን እንጂ በማታ አይሠራም፤ ቀለሙ የሚደምቀው በፀሐይ ብርሃን ነው። በማታ የሚሠራው ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ የሚልከው ብርማ ቴፕ ነው። ቴፑ ደግሞ የት ይሰፋ የሚለው ትልቅ ጉዳይ ነው። ብዙዎች ጀርባ ላይ ብቻ ያደርጉታል። የመኪናና የባጃጅ መብራት መጀመሪያ የሚያርፈው ግን ዝቅ ብሎ እግር ላይ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የታሰረ ቴፕ በፔዳሉ ከፍ ዝቅ ሲል አሽከርካሪው ከፊቱ ያለው ብስክሌት መሆኑን ወዲያው ይለየዋል። ቀደም ብዬ ያነሳሁት የሱሪ ማሰሪያ ላስቲክ ሁለት ሥራ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ለግራ እግርም አንድ ይሰፋ። የቴፑ ስፋት ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ጭቃ ሲነካውም ይጠረግ፤ ጭቃ የለበሰ ቴፕ ከተራ ጨርቅ አይለይም። ይህ ሁሉ መብራትን አይተካም።

ልባሽ ጨርቅ ተራ ጥሩ ነገር ይገኛል፤ መምረጥ ማወቅ ነው። የሚለጠጥ ልብስ ሲገዛ ጫፉን ሳብ አድርጎ መልቀቅ፤ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ክሩ ሞቷል። ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት፤ መቀመጫው ላይ ከሳሳ ለመንገድ አይሆንም። የዝናብ ጃኬት ከሆነ ተገልብጦ ውስጡ ይታይ፤ እንደ ፎረፎር የሚረግፍ ነጭ ነገር ካለው ውኃ የሚያግደው ሽፋን ተልጧል፣ ምንም ዓይነት አጠባ አይመልሰውም። ጃኬትና ማሊያ ከልባሽ ጨርቅ ይገዛ፤ ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ግን አዲስ ይሁን። ስፖንጁ የሌላ ሰው ላብ ከነጀርሙ ይይዛል።

ልብስ ሰፊዎቻችንን አንድ ነገር ልለምን፦ ለብስክሌት የሚሰፋ ልብስ ልኬቱ ቆሞ አይወሰድ። ደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን መሪ እንደያዘ ሰው ወደ ፊት ይዘርጋ። በዚህ አቀማመጥ ጀርባ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ እጅጌም ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል፤ የፊቱ ግን ያጥራል፣ ካልቀነሱት ሆድ ላይ ይከማቻል። ስፌቱ በኦቨርሎክ፣ ማለትም የጨርቁን ጠርዝ እየቆረጠ በሚቋጨው መኪና ይሁን፣ ቆዳን በሚነካ ቦታ ላይ ትርፍ ጨርቅ አይቅር። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርካችን በሺዎች የሚቆጠሩ እጆች ለውጭ ገበያ ልብስ ሲሰፉ ቆይተዋል። ይህን ሙያ ፓርኩ ውስጥ ተምረው የወጡ ልጆች ሰፈር ውስጥ አንድ ኦቨርሎክ ይዘው ሰደርያና የዝናብ ሱሪ ቢሰፉ ገበያው በየመንገዱ እየነዳ ያልፋል።

አሠሪዎችም የሚያደርጉት አለ፤ ከጥበቃው ቤት ጎን ጣራ ያለው ቦታ፣ አሥር ሚስማርና የሚንጠባጠብ ካባ የሚሰቀልበት ገመድ። በርጥብ ልብስ ቢሮ የሚገባ ሠራተኛ ከሳምንት በኋላ ብስክሌቱን ይተዋል። ማታ ቤት የደረሰ ርጥብ ጫማ ደግሞ እሳት ዳር አይቀመጥም፣ ሶሉ ይላቀቃልና። ማሰሪያው ተፈትቶ ውስጡ በተጨማደደ ጋዜጣ ይሞላ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቱ ይቀየር፣ ከመተኛት በፊት አንድ ጊዜ እንደገና። ጠዋት ይደርቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ
ሐዋሳ